«ኦል ባይ ማይሰልፍ» የማን ዘፈን ነው?

ጥያቄ፦ «የ17 ዓመት ልጄ ለትምህርት ቤቷ የወላጆች ቀን ‹ኦል ባይ ማይሰልፍ› የሚለውን ዘፈን እየተለማመደች ነው። እኔ የሴሊን ዲዮን ዘፈን መሆኑን ነው የማውቀው። ወንድሜ ግን ‹የኤሪክ ካርመን ነው፤ እሷ የሰው ዘፈን ነው የወሰደችው› እያለ ይከራከረኛል። የልጄ የፒያኖ አስተማሪ ደግሞ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል፣ ዜማው የራክማኒኖቭ ነው አሉ። ማንኛችን ነን ልክ? አማርኛ ግጥም ገጥመንለት ዩቱዩብ ላይ ብናወጣውስ ችግር አለው?»

ምላሽ፦ ለማስታረቅ ብዬ አይደለም፤ ሦስታችሁም ልክ ናችሁ። ክርክሩ ያልበረደው እያንዳንዳችሁ የምትናገሩት ስለ ሌላ ነገር ስለሆነ ነው። አስተማሪዋ የሚናገሩት ዜማው ስለተቀዳበት ምንጭ ነው፤ ወንድምዎ ዘፈኑን ደርሶ መጀመሪያ ስለዘፈነው ሰው፤ እርስዎ ደግሞ በጆሮዎ ስለቀረው ድምፅ። እኔ ፒያኖ በማስተማርና ዘፈን በማቀናበር የኖርኩ ሰው ነኝና ከምንጩ ጀምሬ ወደ ታች ብወርድ ይቀለኛል።

በ1897 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (የአገራችንን አዋጅ ከመጥቀሴ በቀር ሌሎቹም ዓመቶች እንዲሁ ናቸው) የሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ የሰርጌይ ራክማኒኖቭ የመጀመሪያ ሲምፎኒ በሴንት ፒተርስበርግ ቀርቦ ክፉኛ ወደቀ። ደራሲው ገና 24 ዓመት አልሞላውም ነበር። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ያህል ብዕሩ ደረቀ። በ1900 ኒኮላይ ዳል የተባለ ሐኪም እያነጋገረና የሰመመን ሕክምና እየሰጠ ከተከታተለው በኋላ ግን እጁ ተፈታ፤ ሁለተኛውን የፒያኖ ኮንሰርቶ (ፒያኖ ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወተውን ረጅም ሥራ) ጻፈ። በ1901 ሞስኮ ላይ ራሱ ፒያኖውን ይዞ ሙሉውን ሥራ አቀረበው፤ መታሰቢያነቱንም ለዚያ ሐኪም ሰጠ።

የልጅዎ ዘፈን የተወለደው ከዚህ ኮንሰርቶ ሁለተኛ ክፍል ነው። ዛሬ ማታ አብራችሁ አዳምጡት። ቫዮሊንና መሰል ባለ ክር መሣሪያዎቹ ድምፃቸው ታፍኖ፣ ከጨለማ ክፍል ወደ ብርሃን እንደሚወጣ ሰው ቀስ ብለው ከጨለም ካለው የሲ ማይነር ቅኝት ወደ ብሩሁ ኢ ሜጀር ይሻገራሉ። ፒያኖው ይከተልና የተበተኑ ኮርዶችን እንደ ውኃ ማንጠባጠብ ይጀምራል። ከዚያ ፍሉት ብቅ ይልና ዜማውን ይጀምረዋል፤ ክላሪኔት ይቀበለዋል። ክላሪኔቱ ሲገባ ልጅዎ ከወንበሯ ብድግ ትላለች፤ የዘፈኑን የመጀመሪያ ስንኞች ያለ ቃል ትሰማቸዋለችና። ተማሪዎቼን ይህን ሳሰማ ሁልጊዜ የማየው ፊት አለ፤ የማያውቁት ቤት ገብተው የእናታቸውን ፎቶ ግድግዳ ላይ ያዩ ይመስላሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በራክማኒኖቭ እጅ ዜማው ሐዘንተኛ አይደለም። ረጋ ያለ ነው፤ ከሕመም የተነሳ ሰው በረንዳ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ያለውን ዓይነት ጸጥታ ይዟል። ብቸኝነቱን ያመጣው ኤሪክ ካርመን ነው።

ካርመን በ1949 ኦሃዮ ውስጥ ክሊቭላንድ ተወለደ። አክስቱ በክሊቭላንድ ኦርኬስትራ ውስጥ ተጫዋች ስለነበረች ልጅነቱ በክላሲካል ሙዚቃ የታጠረ ነበር። ሲያድግ ግን ልቡ ወደ ጊታር ሄደና ራስበሪስ የተባለውን የሮክ ባንድ መሠረተ። ባንዱ በ1972 አንድ ዘፈኑን እስከ አሜሪካ 5ኛ ደረጃ አድርሶ ነበር፤ በ1975 ፈረሰ። ካርመን ብቻውን ቀረና በዚያው ዓመት ማብቂያ በራሱ ስም ባወጣው የመጀመሪያ አልበም ውስጥ ስለ ብቸኝነት የሚናገረውን ይህን «ኦል ባይ ማይሰልፍ»ን አካተተ። ይህ መገጣጠም ይመስላል፤ እኔ ግን ባንድ የፈረሰበት ሙዚቀኛ ዘፈን አድርጌ ነው የምሰማው።

አስተማሪዋ ዜማውን ሙሉ በሙሉ ለራክማኒኖቭ ከሰጡት ግን ትንሽ አብዝተዋል። ከሩሲያዊው የተወሰደው የስንኞቹ ዜማ ነው። አዝማቹ፣ ማለትም ሕዝብ ሁሉ አብሮ የሚጮኸው የርዕሱ ቦታ፣ ካርመን ለራስበሪስ ከጻፈው «ሌትስ ፕሪቴንድ» ከተባለ ዘፈን የመጣ ነው። ያ ዘፈን በ1973 ከ35ኛ ደረጃ አላለፈም። የሚገባውን አላገኘም ብሎ ያዘነለትን የራሱን ዜማ ከጓዳ አውጥቶ ከራክማኒኖቭ ጎን አስቀመጠው ማለት ነው። አንድ ሰው ከታላቅ ጌታ ዜማ ተበድሮ ሳለ፣ ከብድሩ ይልቅ የራሱ አዝማች ሕዝብ አፍ ላይ ቢቀር ትንሽ ነገር አይደለም።

ብድሩ ግን ዋጋ አስከፍሎታል። ካርመን ሥራው ጥበቃው ያበቃለት፣ የማንም ሰው ሀብት መስሎት ነበር። በአሜሪካ እውነት ነበር። ራክማኒኖቭ የሞተው ግን በ1943 ነው፤ በብዙ አገሮች ሕግ ጥበቃው ደራሲው ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ስለሚቆይ፣ በ1976 ዘፈኑ ዓለምን ሲዞር ገና 33 ዓመቱ ነበር። ወራሾቹ ደወሉ። ስምምነቱ ከዘፈኑ ገቢ 12 በመቶው ለወራሾቹ እንዲሆን ተደረገ። ካርመን በዚያው አልበም ላይ ከራክማኒኖቭ ሁለተኛ ሲምፎኒ ሌላ ዜማ ወስዶ ስለነበር ያኛውም በስምምነቱ ውስጥ ገባ። የፈለጉትን ያህል ቅን ቢሆኑ የአንድ አገር ሕግ የሌላው አገር ሕግ አይደለም፤ ስለ ዩቱዩብ ላነሱት ጥያቄ ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

የካርመን ቅጂ በ1976 በአሜሪካ 2ኛ ደረጃ ደረሰ። በሬዲዮ የተሰማው ግን የተቆረጠው ነው። በአልበሙ ላይ ያለው ከ7 ደቂቃ በላይ ይሄዳል፤ በመሐሉም ድምፃዊው ዝም ብሎ ፒያኖው ለብቻው የሚያወራበት ረጅም ክፍል አለ። ለእኔ የዘፈኑ ልብ ይኸው ነው። ብቸኝነትን ሲነግሩህ ማዘን ቀላል ነው፤ ያ ፒያኖ ግን ሰው በሌለበት ቤት መብራት ሳያበራ የሚቀመጥን ሰው ያሳይሃል። የሬዲዮ ጣቢያዎች ጊዜ ስለሌላቸው ቆረጡት፤ ቅር ይለኛል። ወንድምዎ ለካርመን የሚከራከሩ ከሆነ ሙሉውን ሰምተው እንደሆነ ይጠይቋቸው። ካልሰሙ ግማሽ ጠበቃ ናቸው።

ሃያ ዓመት አለፈ። በ1996 ሴሊን ዲዮን «ፎሊንግ ኢንቱ ዩ» የተባለውን አልበም አወጣች፤ ይህን ዘፈን ያዘጋጀላት ዴቪድ ፎስተር ነበር። አልበሙ በዓለም ዙሪያ ከ30 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ፤ በቀጣዩ ዓመት የግራሚን የዓመቱ ምርጥ አልበም ሽልማት ወሰደ። «ኦል ባይ ማይሰልፍ» በአሜሪካ 4ኛ ደረጃ ደረሰ። አስተውሉ፦ በደረጃ ሰንጠረዡ የካርመን ይበልጣል፤ በሰው ትዝታ ግን የሷ አሸነፈ። እኛም አገር የሰማነው እሷን ነው። በዚያን ጊዜ የካሴት ሱቅ ደጃፍ ላይ ያለፈ ሰው ድምፅ ማጉያው የትኛውን ያሰማ እንደነበር ያውቃል።

«የሰው ዘፈን ወሰደች» የሚለውን ግን ወንድምዎ ያንሱት። በዚያው አልበም ላይ ጂም ስቴይንማን የጻፈውና ፓንዶራስ ቦክስ የተባለ ቡድን በ1989 አስቀድሞ የተጫወተው ሌላ የሮክ ባላድም (ዝግ ያለ፣ ስሜት የሚነካ የሮክ ዘፈን) አለ፤ እሱንም ከፍ አድርጋ ዘፍናዋለች። ይህ ሙያ ነው። ራሷ የማትጽፍ ድምፃዊ ዘፈን የምትመርጠው ልብስ ሰፊ ጨርቅ እንደሚመርጥ ነው። በአሜሪካ ሕግ ደግሞ አንድ ዘፈን አንዴ ተቀርጾ ለሕዝብ ከወጣ በኋላ ዜማና ግጥሙን ሳይለውጥ እንደገና መቅረጽ የሚፈልግ ሰው ደራሲውን መለማመጥ አይጠበቅበትም፤ ሕጉ የወሰነውን ክፍያ ይከፍላል። በ1996 ክፍያው ለአንድ ቅጂ 6.95 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር፤ ረጅም ዘፈን ሲሆን በደቂቃ ይሰላል። ትንሽ ይመስላል፤ በሚሊዮን ሲባዛ ግን የጡረታ ገንዘብ ነው። ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። የአሜሪካ መደበኛ ሬዲዮ ለደራሲው እንጂ ለድምፃዊው አይከፍልም። ስለዚህ የሴሊን ቅጂ በአሜሪካ ሬዲዮ በተሰማ ቁጥር የሬዲዮው ክፍያ የሚያመራው ወደ ካርመን በኩል ነበር፤ እሷ ከዚያ ክፍያ ድርሻ አልነበራትም። ከሁለቱ ማን ማንን ጠቀመ ቢባል እኔ መልሱን አላውቀውም ብዬ አልሸሽም፦ ሁለቱም ተጠቃቅመዋል፣ እሱ ግን ቤቱ ተቀምጦ ነው።

አሁን ወደ ሙዚቃው እንመለስ፤ እኔን የሚያጓጓኝ ይኸኛው ነው። ቅጂው ለምን እንዲህ ገነነ? ብዙ ሰው «ድምፅዋ ትልቅ ስለሆነ» ይላል። ትልቅ ድምፅ ያላቸው፣ ማንም የማያስታውሳቸው ድምፃውያን ሞልተዋል። ምስጢሩ አንድ ቦታ ላይ ነው። ከመሸጋገሪያው በኋላ ኦርኬስትራው እየገፋ ይመጣል፣ ሰሚው የሚያውቀውን አዝማች ይጠብቃል፤ ፎስተር ግን ወለሉን ከሥሯ ነቅሎ ኪዩን (ዘፈኑ የቆመበትን የድምፅ ከፍታ) ወደ ላይ ያነሳዋል። ሴሊን አንዲት ድምፅ ላይ ትወጣና ትይዛታለች። ከበሮው ይጠብቃታል፣ እኛም እንጠብቃታለን፤ አትወርድም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው አዝማች ቃሉ ያው ነው፤ ትርጉሙ ግን ሌላ ሆኗል።

ካርመን ያንኑ አዝማች ሲል የተሸነፈ ሰው ነው። ወጣትነቱን፣ ማንንም አልፈልግም ያለበትን ጊዜ፣ እያስታወሰ ይቆጫል፤ ድምፁም ሻካራና ትንሽ የሚሰበር ነው። ሴሊን ስትለው ግን እንቢ ማለት ነው። ብቻዬን አልኖርም ብላ በሩን የምትደበድብ ሴት ናት። ዘፈኑ ለቅሶ ነበረ፤ እሷ ጥያቄ አቀረበችበት፣ ያውም ጮክ ብላ። ሮክ ባላድ ወደ ፖፕ ሲሻገር አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው ሻካራው ነገር ነው፤ ስህተቱ ይታጠባል፣ ጊታሩ ይለሰልሳል። እዚህም ታጥቧል። ካርመን ዘንድ የነበረው የስላይድ ጊታር ልቅሶና ረጅሙ ፒያኖ ቀርተዋል። በምትኩ የመጣው ግን ባዶ ጌጥ አይደለም፤ የጠፋውን የሚክስ አንድ ሐሳብ አለው። አብዛኞቹ የዚህ ዓይነት ቅጂዎች የሚወድቁት የሚያነሱትን አንስተው በምትኩ የሚያስቀምጡት ሲያጡ ነው።

የእኔን ምርጫ ከጠየቁኝ፦ ማታ ለብቻዬ ስሆን ካርመንን እሰማለሁ፣ መኪና ስነዳ ሴሊንን። የተሻለ የተሠራው የእሱ ነው፤ የተሻለ የተዘፈነው የእሷ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ዓይነቱ ክርክር እኛ ቤት ሲነሳ ትንሽ የሚያደናግረን ከሌላ ልማድ ስለመጣን ይመስለኛል። ትዝታን የዘፈነ ሰው ሁሉ ትዝታን ዘፈነ እንጂ ሰረቀ አይባልም። ቅኝቱ የጋራ ነው፤ ሰው የሚመዘነው በሚያመጣው ስንኝና በጉሮሮው ነው። በዚያ መንፈስ ካየነው ራክማኒኖቭ ቅኝቱን የሰጠ፣ ካርመን ስንኙን ያመጣ፣ ሴሊን ጉሮሮዋን የሰጠች ናቸው። ነገር ግን ይህ አባባል የሚያገለግለው ቡና ላይ ለመጫወት እንጂ ለዩቱዩብ አይደለም።

ስለዚህ ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ። በትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ልጅዎ ዘፈኑን በእንግሊዝኛው ብትዘፍን ማንም አይነካትም፤ አትጨነቁ። አማርኛ ግጥም ገጥሞ ማውጣት ግን ሌላ ነው። ቅድም የነገርኳችሁ የአሜሪካ ሕግ ፈቃድ ሳይጠይቁ መቅረጽ የሚፈቅደው ሥራውን በመሠረቱ ላልለወጠ ሰው ነው። ትርጉምና አዲስ ግጥም የደራሲውን ወይም የመብቱን ባለቤት ፈቃድ ይፈልጋል። የእኛም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን የመተርጎምና ወደ ሌላ መልክ የመለወጥ መብትን ለሥራው አመንጪ ይሰጣል፤ ጥበቃውም በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው። ካርመን የሞተው በመጋቢት 2024 ነው። በ50 ዓመቱ ስሌት እስከ 2074 መጠበቅ አለባችሁ፤ ጥበቃውን 70 ዓመት ባደረጉት አገሮች ስሌት ደግሞ እስከ 2094። ሴሊን ራሷ ዘፈኑን በስፓኒሽ ግጥም ቀርጻዋለች፤ ስለዚህ መተርጎሙ ነውር አይደለም፣ በሩ ግን የሚንኳኳ በር ነው።

ሳትጠይቁ ብታወጡት ምን ይሆናል? የዩቱዩብ ሥርዓት ዜማውን ሊለየው ይችላል፤ ባለመብቶቹም ከማስታወቂያው የሚገኘውን ገቢ ለራሳቸው ሊያደርጉ ወይም ቪዲዮውን ሊያስወርዱት ይችላሉ። በተለይ ከኢንተርኔት የወረደ የካራኦኬ ማጀቢያ አትጠቀሙ፤ እሱ ሌላ ባለቤት አለው፣ አንዱን ዕዳ ሁለት ታደርጉታላችሁ። አስተማሪዋ ፒያኖ ቢያጅቧት ከዚህኛው ዕዳ ትድናላችሁ፤ የዜማው ጉዳይ ግን ይቀራል።

ሌላ መንገድም አለ፤ እኔ ብሆን እሱን እመርጣለሁ። ካርመን ያደረገውን አድርጉ! ወደ ምንጩ ሂዱ። ራክማኒኖቭ ከሞተ 70 ዓመት በ2013 ስለሞላው፣ የ50ውም የ70ውም ዓመት ጥበቃ አብቅቶለታል። የኮንሰርቶውን ዜማ ከኖታው ወስዳችሁ በራሳችሁ ቅንብርና በራሳችሁ አማርኛ ግጥም ዘፈን ብታደርጉት ማንም አይጠይቃችሁም። መጠንቀቅ ያለባችሁ አንድ ነገር ነው፦ ካርመን የጨመረው አዝማችና ዜማውን ያጠፈበት አኳኋን የእሱ ነው፤ ጆሮዋ ለምዶታልና ሳታውቀው ትገባበታለች። ከኖታው ላይ ትሥራ፣ ከትዝታዋ አይሁን። የአስተማሪዋ ድርሻ እዚህ ላይ ነው። ይህ መንገድ አዲስ አይደለም፤ ከዚሁ ኮንሰርቶ ሦስተኛ ክፍል በ1945 አንድ የፍቅር ዘፈን ወጥቶ ፍራንክ ሲናትራ ተጫውቶታል።

ስለ አማርኛው ግጥም ካነሳን አይቀር፣ «ለብቻዬ» የሚለው ቃል ከእንግሊዝኛው ርዕስ ጋር እኩል አራት ቀለም አለው። ቻ ስለሚጠብቅ ብ አትዋጥም፤ መጨረሻው «ዬ» ደግሞ አፍ ከፍቶ ለመያዝ የእንግሊዝኛውን ያህል አያንቅም። ችግሩ መጀመሪያው ነው። ዜማው የመጀመሪያውን ቀለም ይረግጠዋል፣ «ለ» ደግሞ እግር የላትም። ብትረግጧት የቸኮለች ትመስላለች። ገጣሚ ወዳጅ ካላችሁ በዚህ ላይ አንድ ምሽት ያጥፋ።

የመጨረሻው ስለ ልጅዎ ጉሮሮ ነው፤ ሳትጠይቁኝ የምናገረውም እሱ ነው። ይህን ዘፈን የሚለማመዱ ልጆች ከመጀመሪያው ስንኝ ይጀምሩና የሴሊን ኪይ ይመቸናል ይላሉ፤ ያቺ ከፍተኛ ድምፅ ስትመጣ ይጮኻሉ፣ በማግሥቱ ድምፃቸው ይዘጋል። አገላብጣችሁ ሥሩት። መጀመሪያ ሳትጮህ፣ ሁለት ጊዜ ደጋግማ ልትይዘው የምትችለውን ከፍተኛውን ድምፅ አስተማሪዋ ፒያኖ ላይ ይፈልጉላት፤ ያን ለመጨረሻው ጫፍ አስቀምጠው ወደ ኋላ እየቆጠሩ መነሻውን ኪይ ይወስኑ። መነሻው በጣም ዝቅ ብሎ የሚያስቸግራት ከሆነ የኪይ ለውጡን ተዉትና የካርመንን አካሄድ ያዙ፤ አዳራሹ ውስጥ ቅር የሚለው ሰው ቢኖር እርስዎ ብቻ ነዎት። የተረፈውን ጊዜ ደግሞ አስተማሪዋ ያን የተቆረጠውን ፒያኖ፣ ሁለት ደቂቃ እንኳ ቢሆን፣ በመሐል ይጫወቱላት፤ እሷም ማይክሮፎኑን ዝቅ አድርጋ ዝም ብላ ትቁም።